ጩኸት የሚያዛውር ደብዳቤ

ሠራተኛ በደብዳቤ ሲዛወር ብዙ አይቻለሁ። ወንበር ሲዛወር፣ ቁም ሣጥን ሲዛወር፣ አንድ ጊዜማ አንዲት የመንግሥት በቅሎ ከሱሉልታ ወደ ቡራዩ ስትዛወር ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ጩኸት በደብዳቤ ይዛወራል ቢሉኝ ግን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። አንድ ጠዋት አለቃዬ ወፍራም ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ «በአምስት ኮፒ፣ ቶሎ» ብሎኝ ሄደ። ርእሱን አየሁት፤ «ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሣውን ጩኸት ስለ መቀነስ የቀረበ ዕቅድ» ይላል። ወይ ጉድ! ጩኸት እንዴት ነው የሚቀነሰው? በምን ተሰፍሮ? በቁና? ካርቦኑን በወረቀቶቹ መሀል መደርደር ትቼ ፋይሉን ከጥግ እስከ ጥግ አነበብኩት።

ጊዜው የንጉሡ ጊዜ ነው፤ ጄት የሚባለው አውሮፕላን አገራችን የገባ ሰሞን። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የአውሮፕላን ጉዳይ በሚመለከት አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሰኞ ጠዋት ከሰበታ በአውቶቡስ እመጣለሁ፣ ሳምንቱን አክስቴ ቤት አድራለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሰበታ እመለሳለሁ። ስፈጠር ጠያቂ ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንቺን የሚያገባ ሰው ከሽማግሌው በፊት መልሱን ይላክ» ትለኝ ነበር። ታዲያ ያን ፋይል አንብቤ ዝም ብዬ ልመታው ነው? አይሆንልኝም። ከውጭ ተምሮ በቅርቡ የመጣ አንድ ወጣት ኢንጂነር ነበር፤ ሻይ ሲጠጣ ጠብቄ ያዝኩት።

«ጩኸቱን እንዴት ነው የምትቀንሱት?» አልኩት።

«አንቀንሰውም» አለኝ እየሳቀ። «ሞተሩ ያው ሞተር ነው። አውሮፕላኑን ቶሎ እናጥፈውና ሰው በሌለበት እንዲያልፍ እናደርገዋለን። ስለዚህ ጩኸቱን ሳይሆን የሚሰማውን ሰው ነው የምንቀንሰው።»

ይቺ ንግግር ደስ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ሳላምጣት ዋልኩ። ዕቅዱን ያመጣው የኤምባሲዎችና የትልልቅ ሰዎች አቤቱታ መሆኑን የነገረኝም እሱ ነው። ካርታውን ዘርግቶ ሲያሳየኝ ግን ደነገጥኩ። ከመንደርደሪያው ወደ ምዕራብ የተሰመረችው መስመር ቀጥ ብላ ሄዳ ሰበታ ላይ ነበር የምታልፈው፤ በእኛ ቤት አናት ላይ። ጄቱ ያኔም በዚያው ነበር የሚያልፈው፤ በዕቅዱ ውስጥ ግን ሰበታ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ መናገር አለብኝ። አባቴ የሰበታ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ደመወዝ የለውም ሹመቱ፤ ያለው ክብር ብቻ ነው፣ ክብሩም ለእሳቸው ከበቂ በላይ ነበር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ወንበራቸው ይቀመጣል፣ ከሳሽና ተከሳሽ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ ሰዉ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። ነገሩ ሁሉ በአፍ ነው። የአባቴ አሠራር ደግሞ እንዲህ ነበር፤ ባለጉዳዩ ሲናገር ቃሉን ከአፉ ተቀብለው ጮክ ብለው ይደግሙታል። «እንዲህ ብለሃል?» ይላሉ። «አዎን ጌታዬ፣ ብያለሁ» ካለ በኋላ ነው ጸሐፊው የሚጽፈው። በኦሮምኛ የተናገረውን በኦሮምኛ፣ በአማርኛ የተናገረውን በአማርኛ ይደግሙለታል። ሰው አባቴን የሚወዳቸው በፍርዳቸው ብቻ አይደለም፤ የገዛ ቃሉን ከዳኛ አፍ መልሶ ሲሰማው የተከበረ ስለሚመስለው ነው። «ኦቦ ዳኛ» እያሉ ከጋራው ማዶ ድረስ ይመጡ ነበር።

ጄቱ ከመጣ ወዲህ ያ አሠራር ተበላሸ። እሁድ ጠዋት እንኳን ሁለት ሦስቴ ያልፋል፤ በላዩ ላይ ትንንሾቹ የልምምድ አውሮፕላኖች ከሰማዩ አይወርዱም። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር አባቴ እጃቸውን አንሥተው ችሎቱን ያቆማሉ፣ ከዚያ ባለጉዳዩን «ድገመው፣ ጮክ በል» ይሉታል። ሰዉም ይደግማል፤ ምን ያድርግ?

አንድ እሁድ ግን ነገር ተበላሸ። ባሏ ከሞተ ዓመት ያልሞላት አንዲት ሴት ጎረቤቷን ከስሳ ቀረበች። በሬዎቹን ሽምብራዋ ላይ ለቆባት አስጨርሷታል። ኀዘንተኛ ናት፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ተሸፋፍናለች፣ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ አይወጣም። ምስክሮቿን እየጠራች ሳለ ጄቱ አናታችን ላይ ደረሰ። እሷ አላቋረጠችም፤ ጠርታ ጨረሰች። አባቴም ጠበቁ፣ ጠበቁና «ምስክር አላቀረብሽም» ብለው ለጎረቤቱ ፈረዱ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ ሄደች። እኔ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሦስቱንም ምስክሮች ስትጠራ ሰምቻለሁ። ሁሉም ሰምቷል። ዳኛን በሰው ፊት «አልሰሙም» የሚል ግን ከመሀላችን አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ወንድሟ ግን ወረዳ ድረስ ሄዶ አመለከተ። የወረዳው ዳኛ ጉዳዩን መልሶ ለአባቴ ላከው፤ ሴትዮዋን እንደገና እንዲሰሙ፣ ቀኑም ከሁለት ወር በኋላ እንዲሆን። በዚያ ቀን ደግሞ ቃሏን ሳይሰሙ ቢፈርዱ ወንበሩ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ በግልጽ ተጽፏል። አባቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ተነሡ።

«እኔ ነኝ የማልሰማው ወይስ ሰማዩ ነው የማያሰማኝ?» አሉ። ቤቱ እስኪነቃነቅ ነው የጮኹት። «እስቲ እነሱ እዚህ ይቀመጡና ይዩት!»

ዐሥራ አንድ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር ነው። ከእናቴ ሞት በኋላ ከቤት የሚያወጣቸው እሱ ብቻ ነበር። ፋይሉ ትዝ አለኝና «አባዬ፣ ይሄን ነገር ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው።

ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ እሁድ ዝግባው ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበና የጣት አሻራ መጣል ጀመረ። አሻራ ብቻ መስሏችኋል? እያንዳንዱ የራሱን በደል ካላስጻፈ አይለቀኝም። የአንዱ ላም ባልዲ ትረግጣለች፣ የአንዷ ዶሮ እንቁላል ትታለች። አንዱ ደግሞ ሚስቱ ጄት ከመጣ ወዲህ ተናካሽ ሆናለች አለኝ። ሚስትየው ከኋላ «እሱ ጄት ሳይመጣም እንደዚሁ ነው!» አለችና ሁሉም ሳቀ። ሚስቱን ተውኩለት፣ ላሟንና ዶሮዋን ጻፍኩ። ከሁሉ በላይ ግን «በችሎት ቃል መሰማት አልቻለም» የምትለዋን መስመር በጉልህ አስገባሁ።

መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ ሥራ ጠበቀኝ። በዚያን ጊዜ ወረቀት የሚንቀሳቀሰው በእግሩ አይደለም፤ የሚገፋው ሰው ያስፈልገዋል። ጠዋት ማንም ሳይገባ እገባና ማመልከቻችንን ከፋይሉ ክምር ላይ አወጣዋለሁ። ከሰዓት ስመጣ ከሥር ገብቶ አገኘዋለሁ። ማነው የሚያስገባው? እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ግን ጠዋት ጠዋት መልሼ አወጣው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አለቃዬ ተሰላቸና «ይሄ የሰበታ ነገር ካላለቀ ፋይሌን አላገኝም ማለት ነው» ብሎ ወደ ጉባኤው መራው።

ጉባኤውን ቃለ ጉባኤ ልይዝ ገባሁ። እንደዚያ ቀን ጆሮዬን የተከልኩበት ቀን የለም። መስመሩ ከሰበታ ይነሣ ለሚለው ብዙ ሙግት አልነበረም፤ ጭቅጭቁ ወዴት ይሂድ በሚለው ነው። ኢንጂነሩ ወደ ሰሜን ቢታጠፍ በቡራዩ በኩል እንደሚያልፍ ተናገረ። አንድ ሽማግሌ ባለሥልጣን ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ «ቡራዩማ አይሆንም! የከተማው መጠጥ ውኃ እዚያው ነው፤ ውኃው ይናወጣል!» አሉ። ብዕሬ ቆመ። ውኃ በጩኸት ይናወጣል እንዴ? ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና ቦታዬ ትዝ ብሎኝ ዘጋሁት። ሱሉልታ ሲባል ደግሞ ሌላው «የሱሉልታ ፈረስ ደንጋጣ ነው» አሉ። ሰውየው እዚያ መሬት እንዳላቸው ሁሉም ያውቃል፤ አንዱ ሳለ፣ አንዱ መስኮት መስኮት አየ። በመጨረሻ አውሮፕላኑ ሰበታ ሳይደርስ ወደ ደቡብ እንዲታጠፍ ተስማሙ። ደቡብ የሚከራከርለት ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም። ያኔ በደስታ ጻፍኩት። ዛሬ ሳስበው እዚያስ ጆሮ ያለው ሰው አልነበረም ወይ እላለሁ፤ ያኔ ግን የማስበው ስለ አንድ ሰው ጆሮ ብቻ ነበር።

ከመጽደቁ በፊት ቦታው ይታይ ተባለና አንድ ፈረንጅ ባለሙያ ከኢንጂነሩ ጋር ወደ ሰበታ መጣ። ጩኸቱን የሚለካ ሣጥን ይዟል፤ ሣጥኑ ላይ የምትወዛወዝ መርፌ አለች። እኛ ደግሞ የመንግሥት እንግዳ ይመጣል ብለን ተዘጋጅተናል። ዝም ብሎ መቀበል ነውር አይደለም? ከበሮ ወጥቷል፣ ፈረሰኞች ተሰልፈዋል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ከዝግባው ሥር ዘፈኑ ቀልጧል። ጄቱ በሰዓቱ መጣ፣ አለፈ፣ ሄደ። ሰማሁት የሚል አንድ ሰው ጠፋ! ፈረንጁ መርፌዋን አየ፣ ከበሮውን አየ፣ በእርሳሱ ጭንቅላቱን አከከ። ኢንጂነሩ ላብ በላብ ሆኖ «እባክሽ እኅቴ፣ ዝም አሰኚልኝ፤ ከበሮውን ለክተን ልንሄድ ነው» አለኝ። ከበሮ መቺውን ለምኜ፣ እልል የሚሉትን ተቆጥቼ፣ በስንት መከራ ጸጥ አሰኘኋቸው። አንዲት ባልቴት ግን መርፌዋ በድምፅ እንደምትነሣ ነቅተውባታል፤ ወደ ሣጥኑ ጠጋ ብለው «አካም ቡልተኒ!» ብለው የጠዋት ሰላምታ ጮኹባት። መርፌዋ ብድግ ስትል በሳቅ ፈረሱ።

ቀጥሎ ፈረንጁ አባቴን ወንበራቸው ላይ አስቀመጠና፣ አውሮፕላኑን ገና መስማት ሲጀምሩ እጃቸውን እንዲያነሡ በኢንጂነሩ በኩል ነገራቸው። ዝም ብለን ጠበቅን። ከሩቅ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ነገር ተሰማኝ። ሰዉ አንድ በአንድ ቀና ቀና አለ። ያን ጊዜ አባቴ እጃቸውን አነሡ። ከሁሉም በኋላ ነበር፤ ሰዉን አይተው ነበር ያነሡት። ይህን ዓይኔ አየው፤ ለምን ይሆን ብሎም ልቤ ጠየቀ። ግን ዳኛ አይደሉ፣ ቸኩለው አያውቁም ብዬ ራሴው መለስኩለት። ያን ሁሉ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው አንዷን ጥያቄ እንዲህ ሸኘኋት። ፈረንጁ ወደ አባቴ፣ ከዚያ ወደ እኔ አይቶ አንድ ነገር ተናገረ። «ምን አለ?» አልኩት ኢንጂነሩን። ኢንጂነሩ መሬት መሬት አየና «ስለ ነፋሱ ነው» አለኝ። ነፋስ አልነበረም።

ዕቅዱ ጸደቀ። ከላይ ሲመለስ የፋይሉ ግርጌ ላይ በቀይ እርሳስ «ተፈቅዷል፤ ይፈጸም» የሚል ነበረበት፤ ሁለት ቃል። ለዚያች ሁለት ቃል ስንት ወረቀት እንደመታሁ እኔና ጣቶቼ ነን የምናውቀው። ለአብራሪዎቹ የሚሄደውን ደብዳቤም የመታሁት እኔ ነኝ፤ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ በሰበታ ላይ እንዳይታለፍ፣ የልምምዱም ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ። ሴትዮዋ እንደገና የምትሰማው ደግሞ ከዚያ ሰኞ ቀጥሎ ባለው እሁድ ነው። ደረሰልን! ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ የጽሕፈት መኪናውን ክዳኑን ሳልከድነው ነው የወጣሁት።

ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፤ ክፋት ግን አልነበረም። ጸጥታውን ራሳቸው እንዲያገኙት ፈለግሁ። መቼ ይነቁ ይሆን? ምን ይሉ ይሆን? ይሄን ማየት እንደ ስጦታ መስሎኝ ነበር። የመንደሩም ሰው አልነገራቸውም፤ እሳቸው ያስመጡትን ነገር እሳቸው ሳይሰሙ ቀርተው ነው ብሎ ማን ያስባል?

ቅዳሜ ደርሼ ደጅ ቆምኩ። እውነትም ሰማዩ ዝም ብሏል። የወንዙ ድምፅ፣ የአህያ ኮቴ፣ ከማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው። ጩኸት ተዛውሮ የለቀቀውን ቦታ በጆሮዬ ሰማሁት። አባቴ ስለ አውሮፕላን አላነሡም፤ ስለ ነገው ችሎት ብቻ ነበር የሚያስቡት። እኔም ነገ ወንበሩ ላይ ሆነው ይንቁበት ብዬ ዝም አልኩ።

እሁድ ሰዉ ከወትሮው በዛ፤ የወረዳው ጸሐፊም መጥቶ ከጎን ተቀምጧል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና የለ፣ ምን የለ። ሴትዮዋ ቀረበች። በነጠላዋ ውስጥ ሆና በዚያ ቀጭን ድምፅዋ ከመጀመሪያው ጀመረች። ከኋላ ተቀምጬ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ። በሬዎቹ የገቡበትን ቀን ተናገረች፣ የመጀመሪያውን ምስክር ጠራች። አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ሊደግሙላት አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። ከዚያ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ልጄ» አሏት በርኅራኄ፣ «አውሮፕላኑ ይለፍ።»

የሚስቅ የለም፣ የሚያንሾካሹክ የለም። ዝም ብንል ተጋለጡ፣ ብንናገር ተጋለጡ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ወደ ሰማይ ቀና አሉ። አጠገባቸው ያለው ሰውዬም ቀና አለ። አንድ በአንድ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ባዶውን ሰማይ ያይ ጀመር። ተከሳሹ ቀና አለ። ሽምብራዋ በበሬ የተበላባት፣ በእኛ ሰማይ የተፈረደባት ያቺ ሴት እንኳን ነጠላዋን ከግንባሯ ገለጥ አድርጋ ቀና አለች፤ አውሮፕላን እስኪያልፍ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቀች። የወረዳው ጸሐፊ ብዕሩን ይዞ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ እሱም ቀና አለ። እኔ አልቻልኩም፤ እንባዬ መጣ።

አባቴ ሰዉን ሲያዩ ፊታቸው ረጋ አለ። ከዚያ እሳቸውም ቀና አሉ። ዓይናቸው ጤነኛ ነበር፤ ከጋራው ማዶ ያለ ከብት የማን እንደሆነ ይለያሉ። ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ፈለጉት። እንደገና ፈለጉት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሰዎቹ ተመለሱና ያንን ወደ ላይ የተንጋጠጠ ፊት ሁሉ አንድ በአንድ አዩት። መጨረሻ ላይ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት ነበር የማየው።

«ይህን ነገር ሌላ ሰው ይስማው» አሉና ከወንበራቸው ተነሡ።

ሴትዮዋ «ግድ የለም ጌታዬ፣ እንደገና እናገረዋለሁ፣ ጮክ እላለሁ» እያለች እጇን ዘረጋች። አልሰሟትም። ከዘራቸውን ይዘው መንገዱን ጀመሩ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ሰዉም ተነሥቶ ወደየቤቱ ማዝገም ያዘ፤ መንገዱ አንድ ስለሆነ ግማሹ ከፊታችን፣ ግማሹ ከኋላችን ነው። አባቴ ብዙ ሄዱና ቆሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማያልፈው?» አሉኝ።

«ከሰኞ» አልኳቸው፣ ለእሳቸው ብቻ እንዲሆን ብዬ ዝቅ አድርጌ።

ፊቴን፣ አፌን አዩ። «እ?» አሉ።

ከፊታችን ያሉትን ሰዎች አየኋቸው፣ ከኋላ ያሉትን አየኋቸው። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? ጆሯቸው ሥር ተጠግቼ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ጮኽኩ፤ «ከሰኞ ጀምሮ ነው አባዬ! ሳምንቱን ሙሉ አውሮፕላን አላለፈም!»

በዚያ መንገድ ላይ ከነበረው ሰው ሁሉ አንድም ዞር ብሎ ያየን አልነበረም።